ለከፍተኛ ተማሪዎች ስለሚሰጥ የምርምር አርእስት

የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የመጻሕፍቱን ትምህርት ጨርሶ ወደ ምርምር በሚገባበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አርእስቱን ነው። አርእስት ማለት በመጽሐፍ ልባስ ላይ የሚጻፍ ስም ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ከወጣትነቱ ዕድሜ ሦስት ወይም አራት ዓመት፥ መንግሥትም ከግምጃ ቤቱ ገንዘብ የሚያፈሱበት እርሻ ነው። እርሻው ሳይመረመር የተመረጠ እንደ ሆነ ዘሩም ድካሙም ይባክናል። ስለዚህ አርእስት የሚያጸድቁ ሹማምንትና መምህራን የያዙት ሥራ የማኅተምና የፊርማ ሥራ ብቻ ሆኖ ሊታያቸው አይገባም።

ከዕውቀት ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ይህ ነገር የሚከብደው ስለ ብርሃንና ስለ ጠፈር በሚደረገው ምርምር ላይ ነው። የብርሃን ጠባይ የሚጠናበት ትምህርት ኦፕቲክስ ይባላል፤ ብርሃንን እንደ ኤሌክትሪክ ገርቶ ለሥራ የሚያውለው ፎቶኒክስ ይባላል፤ ከሰማይ ወደ ምድር የሚወርዱትን እጅግ ረቂቅ የሆኑ ቅንጣቶች የሚመረምረው ደግሞ የጠፈር ቅንጣቶች ፊዚክስ ይባላል። የእርሻን ወይም የመድኃኒትን አርእስት ይዞ የቀረበ ተማሪ ጥቅሙን በአንድ ቃል ያስረዳል። «በጨለማ ቤት ተቀምጬ ከፈሳሽ የሚወጣ ደካማ ብርሃን ልመርምር» ብሎ የቀረበው ግን «ይህ ለአገር ምን ይጠቅማል?» በተባለ ጊዜ አፉ ይያዛል። ብዙ ጊዜም አርእስቱን ለውጦ ይመለሳል።

ሆኖም እንደዚህ ያለ አርእስት የተሰጠው ተማሪ በእውነት ነበረ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ፓቬል ቼረንኮቭ ይባላል፤ በ1904 በመስኮብ አገር በቮሮኔዥ ክፍል ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። በዚያን ዘመን ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው ከተማ በሳይንስ አካዳሚ ተማሪ ሳለ ሰርጌይ ቫቪሎቭ የተባለው መምህር አርእስት ሰጠው። አርእስቱም የዩራኒየም ጨው በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ የራዲየም ጨረር በወረደበት ጊዜ የሚያወጣውን ብርሃን መለካት ነበረ። አርእስቱ ጠባብና ደረቅ ነው፤ ዝናም ሆነ ሽልማት የሚያመጣ አይመስልም ነበረ።

ብርሃኑ እጅግ ደካማ ስለ ሆነና የሚቆጥረው መሣሪያ በዚያ ስላልነበረ መሣሪያው የተማሪው ዓይን ሆነ። ቼረንኮቭ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በጨለማ ቤት ይቀመጥ ነበረ። የቃል ትምህርቱን በሌሊት ያለ መብራት ያጠና የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ትዕግሥት ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ አንድ የማይመች ነገር ተገኘ። ጨው ያልገባበት ንጹሕ ፈሳሽ እንኳ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣ ነበረ። ሥራውን ለመጨረስ የሚቸኩል ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይህን ብርሃን እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ከሒሳቡ ይቀንሰውና አርእስቱን በጊዜው ፈጽሞ ዲግሪውን ይቀበል ነበረ። ቼረንኮቭ ግን ፈሳሹን ደጋግሞ አጠራው፤ አሞቀው፤ እንዲህ ያለውን ብርሃን ያጠፋሉ የተባሉትን ቅመሞች ጨመረበት። ብርሃኑ አልቀነሰም። እንግዲህ ከዚህ ቀደም የታወቀው ዓይነት ብርሃን አለመሆኑ ተረጋገጠ። ይህን ሰማያዊ ጮራ ከርሱ በፊት ያዩ ሰዎች አልጠፉም፤ ኩሪዎቹ በራዲየም ሥራቸው አይተውት ነበረ፤ ሉሲየን ማሌ የተባለው ፈረንሳዊም ከ1926 እስከ 1929 ድረስ ጽፎበት ነበረ። ነገሩን እስከ ሥሩ የመረመረ ግን አልነበረም።

የቼረንኮቭ ጽሑፍ በ1934 ታተመ። ምክንያቱንም ኢልያ ፍራንክና ኢጎር ታም በ1937 አስረዱ። ብርሃን በባዶ ስፍራ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በውሃ ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 225,000 ይወርዳል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለበት ቅንጣት በውሃ ውስጥ ከዚያ ከዘገየው ብርሃን ፈጥኖ ሲያልፍ በስተኋላው የብርሃን ማዕበል ይተዋል። በጣና ላይ በፍጥነት የሚሄድ ጀልባ በግራና በቀኙ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ማዕበል እየተወ እንደሚያልፍ ነው። የማዕበሉን አቅጣጫ የተመለከተ ሰው ጀልባው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ እንዲሁም የዚህን ብርሃን አቅጣጫ የለካ ሰው የማይታየው ቅንጣት ከየት እንደ መጣ ያውቃል። በዚያው ዓመት ቼረንኮቭ የላከውን ጽሑፍ ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አልቀበልም ብሎ መለሰው፤ የታተመውም በአሜሪካ ነው። በ1958 ግን ሦስቱ ሰዎች የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። መምህሩ ቫቪሎቭ በ1951 ሞቶ ስለ ነበረ ይህን አላየም።

ይህ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ተማሪው ይመሰገናል፤ የምስጋናው እኩሌታ ግን የመምህሩ ነው። ቫቪሎቭ «የጸደቀልህ አርእስት የጨው ብርሃን ነው፤ ንጹሕ ውሃ የምትመረምረው በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ተማሪው ከአርእስቱ በወጣ ጊዜ ወዴት እንደ ወጣ አብሮት ተመለከተ። በየዩኒቨርሲቲው የሚጻፈው ደንብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነቀቀው ተማሪው ከተመዘገበው አርእስት እንዳይወጣ ነው፤ የሥራው ግምገማም በመጀመሪያ የተጻፈው ሁሉ መፈጸሙን ያጣራል። ደንቡ ለሥራ ፈት ተማሪ መልካም ነው፤ ለቼረንኮቭ ግን እንቅፋት በሆነ ነበረ። ደንብ አውጪዎችም ሁለቱን የሚለዩበት ቃል በደንቡ ውስጥ ሊያኖሩ ይገባቸዋል።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ከጃፓን የመጣው ታሪክ ያስረዳል። በካሚዮካ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ 3,000 ቶን ውሃ የያዘ ታላቅ ገንዳ ተሠርቶ ነበረ። በግድግዳው ላይ የተተከሉት የመስተዋት አምፑሎች ያንኑ የቼረንኮቭን ብርሃን የሚጠብቁ ነበሩ። ማሳቶሺ ኮሺባ ይህን ያሠራው ፕሮቶን የተባለው የአቶም ክፍል በጊዜ ብዛት ይፈርስ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ደቀ መዝሙሩ ታካአኪ ካጂታም በ1986 የዶክቶርነቱን ጽሑፍ የጻፈው በዚሁ አርእስት ነበረ። ፕሮቶን ሲፈርስ አልተገኘም፤ እስከ ዛሬም አልታየም። ነገር ግን ካጂታ ኒውትሪኖ የሚባሉትን ከአየር የሚመጡ ቅንጣቶች፥ ማለት የሚፈልገውን ነገር እንዳያደናግሩት ለይቶ ሊያወጣቸው የሚገባውን፥ በሚቆጥርበት ጊዜ ከአንደኛው ዓይነት ቁጥሩ የጎደለ ሆኖ አገኘው። ይህን ጉድለት አሥራ ሁለት ዓመት ተከታተለው። በ1996 ሥራውን በጀመረው 50,000 ቶን ውሃ በያዘው በሁለተኛው ገንዳ፥ በ1998 ኒውትሪኖዎች በመንገድ ላይ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እንደሚለወጡ፥ ስለዚህም ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አስታወቀ። በ2015 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ሽማግሌው ኮሺባም አልቀረበትም። በየካቲት 23 ቀን 1987 በደቡብ ሰማይ አንድ ኮከብ ፈንድቶ ስለ ነበረ ከዚያ የመጡ አሥራ አንድ ኒውትሪኖዎች በገንዳው ውስጥ ብርሃን ሰጡ። ኮሺባ ከማስተማር ሥራው በጡረታ የወጣው በሚቀጥለው ወር ነው! ገንዳው የተሠራበት አርእስት መልስ አላገኘም፤ ገንዳው ግን የሁለት ኖቤል መሠረት ሆነ። አንድ የበጀት ሹም በ1986 መጨረሻ ላይ «ፕሮቶን ይፈርሳል ተብሎ የተሰጠው ገንዘብ ምን ውጤት አመጣ?» ብሎ ቢጠይቅና ቢዘጋው ኖሮ ጥያቄው በደንቡ መሠረት ትክክል በሆነ ነበረ።

እዚህ ላይ ከአስተዋዮች ወገን የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ጃፓን ባለጠጋ ናት፤ ለተማሪዎቹ ወንበር ያላሟላ አገር 50,000 ቶን ውሃ በጉድጓድ ውስጥ አጣርቶ ሊያኖር አይችልም ይባላል። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የብርሃን ምርምር ሁልጊዜ የሚጀምረው በታላቅ ገንዳ አይደለም። ብላኬት የተባለው እንግሊዛዊ በ1948 ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች በአየር ውስጥም ይህን ብርሃን ሊያወጡ እንደሚገባ ጽፎ ነበረ። በ1953 ጋልብሬይዝና ጀሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሃርዌል አንድ የቆሻሻ በርሜል ወሰዱ፤ በውስጡ ትንሽ መስተዋትና አንድ ብርሃን ቆጣሪ አምፑል አኖሩ፤ ጨረቃ በሌለበት ሌሊትም ወደ ሰማይ አቀኑት። ከጠፈር የመጣው ብልጭታ በዚያ በርሜል ውስጥ ተቆጠረ። ዛሬ በናሚቢያ በኮማስ ደጋ ላይ የቆሙት ሄስ የተባሉት ታላላቅ ቴሌስኮፖች የዚያ በርሜል ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው በ2002 ሥራ ጀመረ፤ በ2012 የተጨመረው አምስተኛው ባለ 28 ሜትር መስተዋት ነው። በዚህ ሥራ የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲ ተካፋይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ አፍሪካ መሬቷን ብቻ ሰጥታ አልቀረችም።

መሬት ብቻ ሰጥቶ መቅረት ግን የታወቀ ነገር ነው። በ1933 ብሩኖ ሮሲ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ ከባልደረባው ከሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ጋራ ቆጣሪዎቹን ይዞ ወደ አስመራ መጣ። አስመራን የመረጠበት ምክንያት ከተማዪቱ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፥ ዳግመኛም ምድር እንደ ማግኔት ስትቆጠር ወደ መካከለኛዋ መስመር የቀረበች ስለ ሆነች ነው። ቆጣሪዎቹን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እያዘነበለ በለካ ጊዜ ከምዕራብ የሚመጣው የጠፈር ጨረር በሩብ ያህል በልጦ አገኘው። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ከተለካው ጋራ ተስማምቶ ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች አብዛኛዎቹ ፖዚቲቭ የሚባለው ኃይል ያላቸው መሆናቸው በዚህ ታወቀ። በተጨማሪም ተራርቀው የቆሙ ቆጣሪዎች አንዳንድ ጊዜ በአንድነት ሲመቱ አይቶ ጻፈ፤ ይህ ከሰማይ የሚወርድ የቅንጣት ዝናም መሆኑን ፒየር ኦዤ በ1938 አረጋገጠ። ሮሲ በዚያው በ1938 በኢጣልያ የዘር ሕግ ምክንያት ከወንበሩ ተሽሮ ተሰደደ፤ በኋላም በአሜሪካ ታላቅ መምህር ሆነ። ቆጣሪዎቹም ልኬቱም ከርሱ ጋራ ሄደዋል። ደጋው ግን በስፍራው አለ፤ የምድር ማግኔት መካከለኛ መስመርም ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል።

ስለ ጥቅም የሚጠይቁት ሹማምንት ራማን የተባለውን ህንዳዊ ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ከራሳቸው ወገን ነበረና። ራማን ከ1907 እስከ 1917 በመንግሥት የገንዘብ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ በካልካታም ሠርቷል። ከቢሮ በፊት በማለዳ፥ ከቢሮም በኋላ በማታ በአንድ የሳይንስ ማኅበር ቤት ምርምሩን ይሠራ ነበረ። ኋላ ሹመቱን ትቶ መምህር ሆነ፤ በ1928 ከደቀ መዝሙሩ ከክሪሽናን ጋራ በአንድ ነገር ላይ ያረፈ ብርሃን ሲበተን ቀለሙ በጥቂቱ እንደሚለወጥ፥ ለውጡም እንደየነገሩ ጠባይ የሚለያይ መሆኑን አገኘ። ሽልማቱን በ1930 ተቀበለ። ያን ጊዜ ለምን እንደሚጠቅም ቢጠየቅ የሚመልሰው ጥቂት ነበረ። ዛሬ ግን በዚሁ መንገድ እውነተኛው መድኃኒት ከሐሰተኛው ይለያል። ለቅቤና ለማር ባዕድ ነገር በሚደባለቅበት ገበያ ይህን ልዩነት በብርሃን መርምሮ የሚያወጣ ተማሪ ቢገኝ ስለ ጥቅሙ የሚከራከር አይኖርም።

ወይዘሮ ዶና ስትሪክላንድም በአሜሪካ በሮችስተር ተማሪ ሳለች ከመምህርዋ ከዤራር ሙሩ ጋራ በ1985 ያሳተመችው ጽሑፍ የመጀመሪያዋ ነበረ። የሌዘርን ብልጭታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የብርሃን ክር ውስጥ አሳልፎ አስረዝሞ፥ አጠንክሮ፥ እንደ ገና አሳጥሮ ኃይለኛ ማድረግን ያስተምራል። ይህ ዘዴ በዓይን ሕክምና ላይ ውሎ ብዙ ሰው ከመነጽር አስጥሏል። ሽልማቱ የመጣው ከ33 ዓመት በኋላ በ2018 ነው፤ የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር ልብ ብሎ ሊያየው ይገባል።

ስለዚህ መልሱ የብርሃንን አርእስት ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሊከለከሉ የሚገባቸው አርእስቶች አሉ። በሌላ አገር የተሠራውን ጽሑፍ ወስዶ የአገሩን ስም ብቻ የሚለውጥ አርእስት አለ፤ ይህ ምርምር ሳይሆን ግልባጭ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ሰው ቅኔ ደግሞ ቢቀርብ መምህሩ ምን እንደሚለው ካህናቱ ያውቃሉ። ዳግመኛም ከዕውቀቱ ሁሉ የሚሰፋ፥ «የጽንፈ ዓለም አጀማመር» የሚል ዓይነት አርእስት አለ፤ ከስፋቱ የተነሣ ሊሳሳት እንኳ አይችልም። መልካም አርእስት «አይደለም» የሚል መልስ ሊሰጥ የሚችል ነው። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መጥቷል። በ2008 ወደ ሰማይ የወጣው ፌርሚ የተባለው ቴሌስኮፕ የሰበሰበው መዝገብ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ ከቤቱ ሳይወጣ ሊመረምረው ይችላል። ይህ ለድኻ አገር ታላቅ ጸጋ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። ነገር ግን አንድ ሌንስ በእጁ ሳይወለውል፥ አንድ አምፑል ሳይሰብር ዶክቶር የተባለ ሰው፥ መሣሪያው ሲዋሸው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የእያንዳንዳቸውም መስተዋት አንድ ሜትር ነው። የአዲስ አበባ መብራት በየዓመቱ በበዛ መጠን የሰማዩን ጨለማ ምን ያህል እንደሚቀንስ መለካት ራሱ አርእስት ነው፤ ለከተማው መሐንዲስም ለከዋክብት ተመልካቹም ይጠቅማል። ለዘመን ቆጠራ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ሊቃውንትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው፤ ይልቁንም ለነዚህ አዳዲስ ነገሮች ስም ሲያስፈልግ። ፎቶንን፥ ኒውትሪኖን፥ ሙዎንን በባዕድ ስማቸው መጥራት ይቻላል፤ ነገር ግን መበተንን፥ መስበርን፥ ማንጸባረቅን፥ መጠላለፍን በትክክል የሚለይ ቃል ከግዕዝ ሊወጣ ይችላል። የፊዚክስ መምህሩና የመጽሐፍ መምህሩ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ግን ቃሉ አይወጣም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሮሲ ጥያቄ ዘመድ የሆነ አንድ አርእስት አለ። የጠፈር ጨረር በአየር ውስጥ ሲወርድ ሙዎን የሚባሉትን ቅንጣቶች ይወልዳል፤ ከነርሱም እኩሌቶቹ በመንገድ ይጠፋሉ። ስለዚህ በቆላና በደጋ ያለው ቁጥር ይለያያል። የዳናክል ረባዳ ምድር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ይነሣል። በአንድ መንግሥት ወሰን ውስጥ፥ በአንድ ወር ጊዜ፥ አንዱን ቆጣሪ ከዚያ እስከዚህ አድርሶ ለመለካት የሚያስችል ምድር በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። ቆጣሪው በዘመናችን በአንድ ክንድ ሊታቀፍ የሚችል ሆኗል፤ የፕላስቲክ ቁራጭ፥ ብርሃን ቆጣሪና ባትሪ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው ሁለት እንደዚህ ያለ ቆጣሪ፥ ከዩኒቨርሲቲው የጸደቀ አርእስት፥ ከየወረዳው ጽሕፈት ቤት የይለፍ ደብዳቤ፥ ለመጨረሻው ዳገትም አንድ የኪራይ በቅሎ ነው።